ለኢንቨስትመንት ፋይናንስ ሙያ ከደብረ ብርሃን የመረጥኩት መንገድ

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ስመረቅ ሦስት ነገር ፊቴ ነበር፦ ማስተርስ፣ ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ) እና ሲኤፍኤ (ዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ትንተና ሙያ ማረጋገጫ)። ማስተማር ለሚፈልግ ማስተርሱ ይቅደም፤ ኦዲት ለሚወድ ኤሲሲኤ ይበጀዋል። እኔን ወደ ሦስተኛው የወሰደኝ የአጎቴ ጥያቄ ነው።

አክሲዮን በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን ላይ የቆመው ሐበሻ ቢራ ራሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ አዋጥተው የጀመሩት ነው። አጎቴም የባንክ አክሲዮን አለው። «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ይኸንኑ አይደል? ዛሬ ልሽጠው ብል ስንት ያወጣል?» አለኝ። የሂሳብ መግለጫውን አንብቤ ትርፉን ልነግረው እችል ነበር፤ አክሲዮኑን መተመን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መማር የፈለግኩት እሱን ነበር።

ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ፈተና 180 ጥያቄ ነው። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ማዕረጉን አያሰጥም፤ ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተሠራ የ4,000 ሰዓት ተዛማጅ የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ስለዚህ ሥራና ትምህርቱን አብሬ ለማስኬድ ወሰንኩ፤ ባንክ ውስጥም የብድር ክፍልን መርጬ ገባሁ። ይህ ምርጫ ከመጽሐፉ እኩል አስተምሮኛል ብዬ አምናለሁ። የዱቄት ፋብሪካ ብድር ሲጠይቅ ብዙ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋስትናው ላይ ነው። እኔ ከገንዘብ ፍሰቱ መጀመርን ለመድኩ፦ ስንዴው መቼ ይገዛል? ዱቄቱ በዱቤ ነው የሚሸጠው? ከወለዱ በኋላ ምን ይተርፋል? አክሲዮንም የሚተመነው በዚሁ ዓይን ነው፤ ወደፊት የሚገባውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ ነው።

የከበደኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ በየቀኑ የሚታይ የገበያ ዋጋ እንዳለ አድርጎ ያስተምራል፤ እኛ ጋ ያኔ እንዲህ ያለ ገበያ አልነበረም። ለስሌቱ መነሻ የሚሆነውን የወለድ መጠን መንግሥት ለአጭር ጊዜ ከሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ወሰድኩ፤ ባንኮች በየዓመቱ የሚያወጡትን ሪፖርት እየሰበሰብኩ እርስ በርስ አነጻጸርኩ። በጥር 2017 አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምርና ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን እዚያ ቀድሞ ሲያስመዘግብ በጣም ደስ አለኝ፤ ይህ ሙያ አገር ቤት እንጀራ የሚሆንበት በር ተከፈተ።

ገና ተማሪ ለሆናችሁ፦ ለመመረቅ 23 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀራችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ መፈተን ትችላላችሁ። ፓስፖርት ግዴታ ስለሆነ ቀድማችሁ አውጡ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍያውን ለሚቀንሰው ስኮላርሺፕ አመልክቱ።