ለዲኤክስ ሄደር ከማሠራታችሁ በፊት

ባለ 4ኬ ሞተር ዲኤክስ (የቶዮታ ኮሮላ) ያላችሁ፣ ሄደር ማለትም ከሞተሩ ጭስ የሚያወጡትን ቱቦዎች ከማስበየዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። በዚህ ሞተር የአየር መግቢያውም የጭስ መውጫውም በቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተሩ ክዳን) አንድ ጎን ነው። ሄደሩ የሚያልፈው ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ስር ስለሆነ ቦታው ጠባብ ነው።

እኔ የምመርጠው አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ የሚሆኑበትን ነው። የሞተሩ አራት ሲሊንደሮች የሚተኩሱት በ1-3-4-2 ተራ ነው፤ የ1ኛውን ቱቦ ከ4ኛው፣ የ 2ኛውን ከ3ኛው ስታጣምሩ በየጥንዱ ጭሱ የሚወጣው ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አንድ ሙሉ ዙር በዞረ ቁጥር ተራ በተራ ስለሆነ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም፣ እንዲያውም ይስብለታል። 1ኛውን ከ3ኛው ካጣመራችሁ ግን ተከታትለው ስለሚተኩሱ ይጋፋሉ።

ወፍራም ቱቦ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1.3 ሊትር ሞተር ላይ በፍጹም አልስማማም! ቱቦው ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ ዳገት ላይ የምንፈልገው በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ ጉልበት ነው። እንጦጦን የወጣ ያውቀዋል።

ከቴስታታው ጋር የሚታሰረው ብረት ላይ አትሰስቱ። የእኔ የመጀመሪያው ቀጭን ነበር፤ ሲግል ተጣመመ፣ መሐል ያለውን ማሸጊያ ጋስኬት በላና ማፏጨት ጀመረ። አሁን 10 ሚሊሜትር ነው። ከካርቡሬተሩ ስር ደግሞ ሙቀት የሚከልል ላሜራ አስገቡ፣ ቤንዚኑ እንዳይፈላ።