ድንች ጠብሰን የገባንበት ሙዚቃ

ዴንማርክ ውስጥ የሚካሄደው የሮስኪለ የሙዚቃ ፌስቲቫል ውድ ነው። የሳምንቱ ትኬት ከ2,000 የዴንማርክ ክሮነር ይበልጣል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን በሰኔ 2015 ዓ.ም. ትኬት ሳንገዛ ገባን። በምትኩ እያንዳንዳችን 32 ሰዓት ድንች ጠበስን።

ሐሳቡ ነርስ ከሆነችው ጓደኛዬ የመጣ ነው። እሷ ምን እንደሚደረግ፣ የት እንደሚመዘገቡ ሁሌም ታውቃለች። ሦስተኛችን ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ስለሆነ ሼፉ ነው የምንለው። ዓመቱን ሙሉ ከዘይት ጋር ሲታገል ከርሞ፣ ፈቃድ ወስዶ የሄደው እንደገና ዘይት ፊት ሊቆም ነው።

«አሁን ይሄ እረፍት ነው?» አለ የመጀመሪያው ቀን።

«ዝም ብለህ ጥበስ» አለችው ነርሷ።

ሮስኪለ ከኮፐንሃገን በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የዴንማርክ ነገሥታት የተቀበሩበት ትልቅ ካቴድራል ያለባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በዓመት አንዴ ግን ዳር ያለው ሜዳዋ ላይ ከ100,000 በላይ ሰው ይሰፍራል። ፌስቲቫሉን በ1971 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በዓመቱ አንድ ፋውንዴሽን ተረከበው፤ ከዚያ ወዲህ ትርፉ ለበጎ አድራጎት፣ ለባህልና ለወጣቶች ሥራ ይሰጣል። የሚያገለግለው ሰው ወደ 30,000 ይጠጋል። በር የሚጠብቀው፣ ቢራ የሚቀዳው፣ አጥር የሚያቆመው አብዛኛው ደሞዝ የለውም። ብዙዎቹ የምግብ ድንኳኖችም የስፖርት ክለቦችና የማኅበራት ናቸው። የእኛ ድንች የአንድ ትንሽ ከተማ የእጅ ኳስ ክለብ ነበር። ገንዘቡ ለልጆቹ ማልያና ለጉዟቸው ይውላል።

«ይሄ እኮ ደቦ ነው» አለ ሼፉ፣ ይህን ሲሰማ።

«ደቦ ላይ ጠላው በነጻ ነው» አለች ነርሷ። «እዚህ ቢራህን ገዝተህ ነው የምትጠጣው።»

የድንኳናችን አለቃ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እዚህ አገር ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው በስሙ ነው የሚጠራው። ሼፉ ግን በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ በስም መጥራት አልሆነለትም። «እማማ» ማለት ጀመረ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት የእጅ ኳስ ልጆች በሙሉ፣ ከነወርቃማ ቁንዳላቸው፣ «እማማ! ጨው አለቀ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እማማም አልተከፉም። ጭራሽ ኮራ አሉ።

የምናድርበት የድንኳን ሰፈር ሌላ ዓለም ነው። ፌስቲቫሉ ስምንት ቀን ይቆያል፤ ትልልቆቹ ስሞች ግን የሚመጡት በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንንሽ መድረኮች ላይ ገና የሚወጡ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሌላው ሕዝብ ሰፈሩ ውስጥ ይጨፍራል። በሩ ሲከፈት ወጣቶቹ ድንኳናቸውን ተሸክመው ጥሩ ቦታ ለመያዝ ሲሮጡ ማየት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለሰፈሩ ስም ያወጣል፣ ባንዲራ ይሰቅላል፣ በባትሪ የሚሠራ ትልቅ ስፒከር ይዞ ይመጣል። ሳውንድቦክስ የሚባለው የዴንማርክ ስፒከር መነሻው ራሱ ይህ ሜዳ ነው። እኛ መካከላቸው ነው ድንኳን የተከልነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ መንጣት ይጀምራል። በዚህ መሃል ጎረቤት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

ስንቅ ላይ ግን በልጠናቸዋል። ድንኳኖቹ መሃል እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ቡና ማፍላቱን ተውነው። ነርሷ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ አምጥታ ነበር። ጎረቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት የሚበሉት ጥቁር ዳቦ ላይ የተደረገ ማኬሬል የሚባል የቆርቆሮ ዓሣ በቲማቲም ነው፣ ከሞቀ ቢራ ጋር። አንዱ ጠብደል ልጅ ሼፉ በሶ ሲጨብጥ ቆሞ አየ። አንድ ጭብጥ ሰጠነው። በላ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ጓደኞቹን ጠርቶ መጣ። እስከ ሐሙስ በሶው አለቀ።

ከድንች ደንበኞቻችን አንዱን አልረሳውም። ሽማግሌ ናቸው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ቦብ ማርሊን እዚሁ ሜዳ ላይ አይቻለሁ አሉን። ብርቱካናማው ሸራ ያለው ትልቁ መድረክ የተተከለበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሸራው ቀድሞ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ የአውሮፓ ጉዞ ላይ ያገለገለ ነበር፤ ሮስኪለ ገዝቶት ምልክቱ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰሙ፣ ማርሊ በዚያው ዓመት ወደ አገራችሁ ሄዷል አሉ። ሻሸመኔን ነው። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ረዝሞ ሰው ማጉረምረም እስኪጀምር ድረስ አወራን። ሼፉ ድንቹን ሞልቶ ሰጣቸው።

ረቡዕ ማታ አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር ነበር። ከመድረኩ ፊት ያለው ቦታ በአጥር የተከፋፈለ ነው። በጎን በኩል ተሰልፈህ ትገባለህ፤ ሲሞላ ይዘጋል። መጀመሪያ እኔን አበሳጨኝ። ሙዚቃ ለመስማት እንደ ታክሲ ሰልፍ መቆም ምንድን ነው ብዬ ነበር። ምክንያቱን የነገሩኝ እማማ ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ፐርል ጃም የሚባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ሲጫወት ሰዉ ተገፋፍቶ ዘጠኝ ወጣቶች ሞቱ። ትንሹ 17 ዓመቱ ነበር። እማማ ያን ሌሊት ልጃቸውን በስልክ ሲፈልጉ አደሩ። ልጃቸው ደህና ነበር። መታሰቢያ የተተከሉት ዘጠኝ ዛፎች ከመድረኩ ብዙም አይርቁም። ከዚያ በኋላ በሰልፉ አላማረርኩም።

ኬንድሪክን እንዴት ነበር ካላችሁ፣ ጥሩ ነበር። ግጥሙን ከእኔ በላይ የሚያውቁ የዴንማርክ ልጆች ዙሪያዬን ነበሩ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ፖስተሩ 12 ሰዓት ይላል፣ ዋናው ዘፋኝ እኩለ ሌሊት ላይ ብቅ ይላል፤ ሰው ይህን አውቆ እራቱን በልቶ ነው የሚሄደው። እዚህ ፕሮግራሙ ላይ ያለው ደቂቃ ሲደርስ መብራቱ ይበራል። ሁለት ዘፋኝ በዚህ ምክንያት አመለጠን። ሼፉ «ገና ነው፣ ይቆያሉ» እያለ ሲያዘናጋን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በዴንማርክ የቢራ ቆርቆሮ ስትመልስ አንድ ክሮነር፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስትመልስ አንድ ተኩል ይሰጥሃል። ሜዳው ላይ በየደቂቃው ስንት ቆርቆሮ እንደሚወድቅ ገምቱት። ስለዚህ ትልልቅ ከረጢት ይዘው የሚለቅሙ ሰዎች አሉ፣ ቀንም ሌሊትም። ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ ጣሊያን የሚኖር ሰው ነበር። ሼፉ በተሰባበረ ጣሊያንኛው አወራው። በየበጋው ይመጣል። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚህ ነው።

እኛ ሥራችንን ስንጨርስ ይጨበጨብልናል። አንገታችን ላይ ካርድ አለ፣ እማማ ያቅፉናል። እሱ ያን ሁሉ ሜዳ ያጸዳል፣ የሚያመሰግነው የለም። አንዳንዱ ሰካራም ቆርቆሮውን ኳስ እንደሚያቀብል ወደ እግሩ ይጥልለታል፣ ደግ የሠራ ይመስለዋል። ነርሷ አንዱን ልጅ «አንስተህ በእጅህ ስጠው» አለችው፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በምትቆጣበት ድምፅ። ልጁ አንስቶ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሰፈራችንን ቆርቆሮ በሙሉ በከረጢት አጠራቅመን ጠዋት ጠዋት እንጠብቀው ጀመር። የበሶው ጠብደልም የራሱን ሰፈር አስተባበረ። ይህ ችግሩን ይፈታል ብዬ አላወራም። ስንጨፍር በአጠገባችን እያለፈ ይለቅም ነበር፣ እስከ መጨረሻው ሌሊት።

እሑድ ሜዳው ተሸንፎ የሸሸ ጦር ሰፈር መሰለ። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ወንበር፣ አንዳንዱ አዲስ፣ ሁሉም እዚያው ተትቷል። የዚህ አገር ልጆች ድንኳን ነቅሎ መሄድ ለምን እንደሚከብዳቸው ዛሬም አይገባኝም። ሼፉ ዓይኑ ቀላ። «ይሄ ሁሉ ወንበር!» እያለ መሰብሰብ ጀመረ። ነርሷ ተቆጣች፣ እኔ ሳቅሁ፣ በኋላ ሦስታችንም ተሸከምን። ጭቃ የለበሰ የታጣፊ ወንበር ክምር ይዘን ባቡር ውስጥ ስንገባ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ሁሉም ከእኛ ብሶ ነበር።

ወንበሮቹን ነርሷ ግቢ ውስጥ በጎማ ውሃ አጠብናቸው። አሁን የእኛ ልጆች ቅዳሜ ኳስ ሲጫወቱ ወላጆች ይቀመጡባቸዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት ነርሷ ሊንኩን ላከችልን። ሼፉ በአንድ ቅድመ ሁኔታ እገባለሁ አለ፦ በር ጠባቂ ካደረጋችሁኝ። እማማ ግን ቀድመው ለድንቹ ጽፈውታል።