ከሰል ያለ ፌስታል ማያያዝ፦ ሦስተኛው ሙከራዬ

እውነቱን ልናገርና፣ እስካለፈው ወር ድረስ ከሰል የማያይዘው በፌስታል ነበር። እየተንጠባጠበ ይነዳል፣ ከሰሉም ይያያዛል። አንድ እሁድ ግን እናቴ ስኒውን አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው። «ይሄ ቡና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል» አለችኝ። ላምባም ሞክሬ ነበር፤ የሱ ሽታ ደግሞ ቤቱን ለቆ አይወጣም። እንግዲህ ከቤት ከሚጣል ነገር ማያያዣ ልሥራ አልኩ።

ሻማ ሞልቶኛል። መብራት በሄደ ቁጥር የተረፉት ቁራጮች መሳቢያ ሙሉ ሆነዋል። ከወረቀት የተሠራ የእንቁላል ካርቶንም አለ፣ ባለ 30ው። (ጧፍም ይሆናል ያለኝ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የተገዛ ጧፍ ለከሰል ሲነድ ብታይ እናቴ ከነምድጃዬ ታስወጣኛለች።)

በመጀመሪያው ሙከራ ጋዜጣ ጨምድጄ እንቁላሉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ከተትኩና ሰም እስከ አፉ ሞላሁበት። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። አምስት ክብሪት ጨርሼ እንቢ አለኝ። ለካ ሰም ብቻውን እሳት አይቀበልም፤ ቀልጦ የሚወጣበት ክር ይፈልጋል። እኔ ክር የሚሆነውን ወረቀት ሰም ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

ሁለተኛው በሰጋቱራ ነበር፣ ከሰፈራችን እንጨት ቤት ያመጣሁት። ሰሙን ሰሰትኩና ቦግ ብሎ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው አመድ ሆነ። ሽታውም ደስ አይልም። ተመልሼ ስጠይቅ የኮምፔንሳቶና የኤምዲኤፍ ብናኝ ነው፤ ሙጫ አለበት። የጣውላ ብቻ ለይተው ሰጡኝ።

ሦስተኛው ሠራ። ሰጋቱራውን ሳልጠቀጥቅ እስከ አፉ ሞላሁ። ሰሙን እስኪርስ ድረስ ብቻ አፈሰስኩ፤ ላዩ ላይ ሰጋቱራው ሻካራ ሆኖ መታየት አለበት። የካርቶኑን ጠርዝ ሰም አላስነካሁትም፤ ክብሪት የሚያርፈው እዚያ ነው። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ሰሙ ሾልኮ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አበላሽቶብኛል።

አቀላለጡ ላይ ቀልድ የለም። ሰሙን ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ አድርጌ ጣሳውን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቆማለሁ። ሰም 60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አዲስ አበባ ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አይግልም። ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ሰሙ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ያን ጊዜ ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ይፈነዳል። ክዳን ድፉበት።

አንዷን ቆርጬ ምድጃው ሥር አስቀመጥኩ። ደቃቅ ከሰል ዙሪያዋን አስደግፌ ለኮስኩ። ልማድ ሆኖብኝ ማራገቢያ ሳነሳ ነበልባሉ እልም አለ። በሁለተኛዋ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ከሰሉ ጠርዝ ጠርዙ ሲቀላ ነው ማራገብ የጀመርኩት። በአሥረኛው ጀበና ጣድኩ።

ይሄ ሁሉ በረንዳ ላይ ነው። ፍሙ ጭሱን ቢጨርስም የማይሸት መርዝ መትፋቱን አይተውም፤ ቤት ከገባ በኋላም መስኮት አልዘጋም።

ከ30ዎቹ 19 ቀርተውኛል። ለሚቀጥለው ዙር የብርቱካን ልጣጭ ጣሪያ ላይ አስጥቻለሁ። ዘይት ስላለው ሳይነድ አይቀርም፤ ቡናው ላይ ብርቱካን ብርቱካን ካለም እናቴ ትነግረኛለች።