ከሃያ አራት ውስጥ ሃያ በሃያ አይወጣም

የእንጨት ሥራ ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የገጠር ደብር የመቅደሱን እንጨት እንዳድስለት ሥራ ሰጠኝ። በጎጃም እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ይህም ደብር ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ዙሪያውን ይዞሩና መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይቆማል። የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። የመቅደሱ አራት የማዕዘን ቋሚዎች ባሕር ዛፍ ስለነበሩ ምስጥ ጨርሷቸዋል፤ በእነሱ ምትክ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ተደርገው የተጠረቡ አራት የጥድ ቋሚዎች እንዳወጣ ተስማማን።

ሰበካ ጉባኤው ብዙ ከተነጋገረ በኋላ ጥዱ ከራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንዲቆረጥ ፈቀደ። በእኛ አካባቢ ከሩቅ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ደን በብዛት የሚቀረው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው እርሻ ነው። ከዚያ ቅጥር አንድ ጥድ መጣል ለደብሩ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እያወቅሁ፣ ዛፎቹን የመረጥኳቸው እኔው ራሴ ነበርኩ። ቅርፊቱ ሲነሣ ውፍረቱ 24 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አራት ዛፍ ለይቼ ምልክት አደረግሁ። በልቤ የያዝኩት ሒሳብ 20ው ለቋሚው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ለመጋዝና ለፒያላ (ለመላጊያ) ይበቃል የሚል ነበር። አራቱም በአንድ ቀን ወደቁ።

መሰንጠቂያ ቤት ስንደርስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት የመጀመሪያውን ግንድ ጫፍ አየና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሃያ አይሰጥም» አለኝ። 24 ከ20 እንደሚበልጥ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ስኳድራውን (ቀጤ ማዕዘን መለኪያውን) አንሥቶ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ 20 በ20 የሆነ ካሬ ሣለ፤ ከዚያ ሜትሩን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ዘረጋና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ፤ 28 ከጥቂት ሚሊ ሜትር። ሜትሩን ወስዶ የግንዱ ጫፍ ላይ ሲያጋድመው 24 ነበር። የምናገረው ጠፋኝ።

ጥያቄው ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል ደጋግሜ የሠራሁት ጥያቄ ነው። አንድ ካሬ አራቱም ማዕዘኖቹ ክቡን ነክተው ክብ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከክቡ ዲያሜትር ጋር እኩል የሚሆነው ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሰመረው ሰያፉ ነው፤ ጎኑ ከዚያ ያንሳል። ምክንያቱም ቀጤ ማዕዘን ጫፉ በክቡ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ክንዶቹ ክቡን የሚቆርጡባቸው ነጥቦች ምንጊዜም የአንድ ዲያሜትር ሁለት ጫፎች ናቸው። አናጺዎች የግንድን መሐል ስንፈልግ ስኳድራውን ጠርዙ ላይ ቀስረን፣ ክንዶቹ ጠርዙን የሚቆርጡባቸውን ነጥቦች እያገናኘን ሁለት ጊዜ የምናሰምረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት መሐሉ ነው። እጄ በየቀኑ የሚሠራውን ነገር ልቤ ከዚህ ጥያቄ ጋር አላገናኘውም ነበር። በትምህርት ቤት ክቡም ካሬውም ተስሎ፣ ሰያፉም በነጠብጣብ ተሰምሮ ይሰጠናል። ሥራ ላይ ግን ሥዕሉን የሚሥልልን ሰው የለም፤ ግንዱ «ውፍረቱ ይህን ያህል» ተብሎ ይመጣል፣ ቋሚውም «ጎኑ ይህን ያህል» ተብሎ ይታዘዛል፣ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ስለሚነገሩ አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር የሚቻል ይመስላል።

በፓይታጎረስ ሕግ የካሬ ሰያፍ የጎኑ 1.414 እጥፍ ነው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ጎን ለማግኘት ዲያሜትሩ ቢያንስ 28.3 መሆን ነበረበት፤ የእኔ 24 ደግሞ ለ1.414 ሲካፈል የሚሰጠው 17 ያህል ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ጎኑ 24 የሆነ ወረቀት ቆርጬ አራቱንም ማዕዘኖቹን ወደ መሐል አጠፍኋቸው። ያለ አንዳች ክፍተት ገጠሙና እንደ ግንዱ ውፍረት ሰያፉ 24 የሆነ ትንሽ ካሬ ሆነ፤ የታጠፈው ክፍል ያልታጠፈውን በትክክል ሸፈነው። የትንሹ ካሬ ስፋት የትልቁ ግማሽ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም፤ 24 በ24 ሲባዛ 576፣ ግማሹ 288 ነው። የግንዱ ጫፍ ስፋት 452 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መጋዙ እንኳ አንዳች ባያጠፋ ካሬው የሚይዘው ከመቶ 64 ያህሉን ነው፤ የቀረው የጎን ቁራጭ ሆኖ ይሄዳል።

በማግስቱ ወደ ደብሩ ሄጄ ለመሪጌታው ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። «የወደቀው ወድቋል ልጄ፤ ለምን ይውላል?» አሉኝ። በገንዘብ ሊገዛ ታስቦ የነበረውን 15 በ15 የበርና የመስኮት መቃን ከአራቱ ግንዶች አወጣሁ፤ ከእጅ ዋጋዬም ቀነስኩ። ለቋሚዎቹ ግን ሌላ አራት ዛፍ መቆረጡ አልቀረም፤ ይህንን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ሁለተኛውን ምርጫ በሌላ መንገድ አደረግሁት። የቆመ ዛፍ ዲያሜትሩ በሜትር በቀጥታ ስለማይለካ ዙሪያውን በሜትር ጠምጥሞ ማወቅ ይቀላል፤ ዙሪያው ለ4.44 (3.14 በ1.414 ሲባዛ ለሚገኘው) ሲካፈል ከዛፉ የሚወጣውን የካሬ ጎን ይሰጣል። ለ20 ሴንቲ ሜትር ቅርፊት የሌለው ዙሪያ 89 ይበቃል፤ እኔ ግን ቅርፊቱንም ጉብታውንም አስቤ ከ96 በታች የሆነውን ሁሉ አለፍኩ። ዛፍ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ መሰላል አስደግፌ የምለካው ቋሚው በሚያበቃበት ከፍታ ላይ ነበር።

ሥራው ሊጋመስ ሲል ከሰበካ ጉባኤው አንዳንዶቹ መቅደሱ ጠቧልና የጎኑን 6 ሜትር 7 እናድርገው አሉ። ቅድስቱን የሚከበው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር ስለሆነ መተላለፊያው በየጎኑ ግማሽ ሜትር ብቻ እንደሚቀንስ ቆጥረው ነበር። ይህ የእኔው የግንድ ሒሳብ ነው፤ ሰያፉ ተረስቷል። የመቅደሱ ማዕዘን ከመሐል ያለው ርቀት በ6 ሜትር ጎን 4.24 ነው፤ እስከ ግድግዳው 1.76 ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። ጎኑ 7 ሲሆን ማዕዘኑ ወደ 4.95 ይገፋና መተላለፊያው 1.05 ይሆናል። ቁጥሩን ከመናገር ይልቅ ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ ችካል ተክዬ በገመድ ክቡንና ሁለቱን ካሬዎች ዘረጋሁላቸው። መሪጌታው ሁለት ዲያቆናትን አስነሥተው ጎን ለጎን ከበሮና መስቀል አስይዘው በ7ቱ ካሬ ማዕዘን በኩል እንዲያልፉ አዘዙ። አንደኛው ዲያቆን በትከሻው ገመዱን ገፍቶ አለፈ። መሪጌታው ጎንበስ ብለው የ7 ሜትሩን ችካሎች አንድ በአንድ ነቀሉና ለእኔ ሰጡኝ።