በሠንጠረዥ የሚስማሙ፣ በማምረቻ ክፍል የሚጋጩ

ገላን አካባቢ፣ ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የክፍል ኃላፊዎቹ ቻይናውያን ናቸው። ሠራተኞቹ ደግሞ ከአርሲ፣ ከወላይታ፣ ከሸዋና ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች የመጡ ወጣቶች ናቸው። አዲስ ለሚመጡ ኃላፊዎች ስለ ኢትዮጵያውያን የሥራ ባህል የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ስታዘዝ፣ መጀመሪያ የተመለከትኩት ይህን ጉዳይ የነካ ሰው ሁሉ የሚመለከተውን የሆፍስቴድን ሠንጠረዥ ነው።

ኔዘርላንዳዊው ጌርት ሆፍስቴድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የተሰበሰቡ ከ100,000 በላይ መጠይቆችን መሠረት አድርጎ የአገሮችን ባህል በቁጥር አነጻጽሯል። አንዱ መለኪያ የሥልጣን ርቀት ነው፤ የበታች የሆነ ሰው የበላዩን ከፍታ ምን ያህል ሳይጠይቅ እንደሚቀበል ያሳያል። ሌላው ግለኝነት ነው፤ ሰው ራሱን ያስቀድማል ወይስ ወገኑን? ቻይና በሥልጣን ርቀት 80፣ በግለኝነት 20 ተሰጥቷታል። የእኛ 64 እና 27 ነው። «የእኛ» ስል ግን በጥንቃቄ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ሠንጠረዥ ለብቻዋ አልቆመችም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላለች። ቻይናም ብትሆን ከመጀመሪያዎቹ የጥናቱ አገሮች መካከል አልነበረችም፤ ቁጥሯ በኋላ የገባ ነው። የአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ የቢሮ ሠራተኞች የሰጡት መልስ ሶል ስለምትለጥፍ የወላይታ ልጅ ምን ያህል ይነግረኛል የሚለውም አሳስቦኛል።

ይህን ሁሉ ትተን ቁጥሩን ብናምነው እንኳ ውጤቱ ግራ ያጋባል። ሁለቱም ወገኖች አለቃ ያከብራሉ፣ ሁለቱም ለወገናቸው ያደላሉ። ስለዚህ መጋጨት አልነበረባቸውም። በመሳቢያዬ ውስጥ የተከመሩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ግን ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ወደ ጎን አድርጌ ደብዳቤዎቹን ማንበብ ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ላይ ምን እንደተፈጠረ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን በማን ፊት ምን እንደተናገረ በማስታወሻ ደብተሬ አሰፈርኩ። ደብዳቤውን የጻፈውንም የተጻፈበትንም ለየብቻ ጠየቅኩ። «ባህላችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም፤ ሰው የሚመልሰው ለእንግዳ የሚነገረውን ነው። «ያን ቀን ለምን ቀረህ?» ሲባል ግን እውነቱን ያወራል።

ከሁሉም የበዛው ያለ ፈቃድ መቅረት ነበር፤ ከመቅረትም የጎረቤት ቀብር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ጎረቤት በአዋጁ የለም። በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ግን አለ፤ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ሠራተኛው እንግዲህ በሁለት ቅጣቶች መካከል ነው የቆመው። ፋብሪካው ነገ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል፤ እድሩ ግን እናቱ ስትሞት ድንኳኑን የሚተክልለት ነው። አንዱን ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ይህን ለስፌት መስመሩ ኃላፊ ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና ስለ ራሱ ነገረኝ። የሚያድረው በግቢው ውስጥ ነው፤ ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ላይ ይበላል፤ ልጁን የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለቻይና አዲስ ዓመት ሲሄድ ነው። እዚህ ያለው ወገኑ ፋብሪካው ነው። ከመስመሩ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል አብሮት የሚበላ ሰው እንደከዳው ያህል ይሰማዋል። የፈለግኩትን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ሁለቱም ለወገናቸው እንደሚያደሉ ይናገራል፤ ወገናቸው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ጠቡ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔውን ያገኘነው ኃላፊዎቹ «ኢትዮጵያውያን» ብለው በአንድ የሚያዩትን ሕዝብ ከፋፍሎ በማየት ነው። በወሩ 12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም መሥራት የሚከብደው ኦርቶዶክሱን እንጂ ሙስሊሙን ወይም ፕሮቴስታንቱን አይደለም። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሰዓት የሚፈልገው ደግሞ ሙስሊሙ ነው። ቀብር ሁሉንም ይነካል፤ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይነካም። በአንድ መስመር ውስጥ ያሉ ሠራተኞች የመስመሩን መሪ አስፈቅደው ተራ እንዲለዋወጡ፣ ለዋጩም በመዝገብ እንዲፈርም አደረግን። ያለ ፈቃድ መቅረት ከዚያ ወዲህ በግልጽ ቀንሷል። ስለ አገር ባህል ብቻ ባስብ ኖሮ ይህ መንገድ አይታየኝም ነበር፤ ጠቃሚው ልዩነት ያለው በአገሩ ውስጥ ነውና።

አንድ ቀን የዚያው የስፌት መስመር ኃላፊ ወደ አንዲት ሠራተኛ ቤት ለቅሶ እንዲሄድ አግባባሁት። ገንዘብ በነጭ ፖስታ አድርጎ መጣ፤ በአገራቸው ለሐዘንተኛ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። በቀጥታ ለልጅቱ እንዳይሰጣትና እንዳታፍር ፈርቼ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ግን ፖስታውን እንደ ማንኛውም ሰው እርዳታ ተቀብሎ መዝገቡን ገለጠ። የተቸገረው ስሙን ሲጽፍ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ አስጠራውና በመጨረሻ «የፋብሪካው ሰው» ብሎ መዘገበው። ልዩነት በጠበቅኩበት ቦታ ሁለቱ ልማዶች ተገናኙ። በሥልጠናው ላይ ከሁሉ በላይ ጥያቄ የሚያስነሳው ይህ ታሪክ ነው።

የሰዓትና የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ቀላል ነበር። በ«8:00» የተለጠፈ የስብሰባ ማስታወቂያ ለኃላፊው ጠዋት፣ ለሠራተኛው ከቀትር በኋላ ነው። ማስታወቂያ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲወጣ ሲደረግ ነገሩ አበቃ። እንዲህ ያለውን ነገር የባህል ግጭት ብሎ መጥራት ማጋነን ይመስለኛል።

ከባዱ ዝምታ ነው። የማጣበቂያው ሙቀት ሲወርድ ያየች ልጅ አትናገርም፤ ብትናገር ከእሷ በፊት የነበረውን ሰው ያጋለጠች፣ ወይም አለቃውን ያረመች ይመስላታል። ኃላፊው ደግሞ የተበላሸውን ጫማ ሲያይ በመኪናዎቹ ድምፅ መካከል፣ በሰው ሁሉ ፊት ይጮሃል። በማግስቱ ዝምታው ይብሳል። አስተርጓሚዎቹም አላገዙም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የተማሩ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ስድቡን አለስልሰው፣ ቅሬታውንም አለስልሰው ስለሚያስተላልፉ ሁለቱም ወገኖች ሰላም ያለ ይመስላቸዋል። ተግሣጽ ከመስመሩ ውጪ፣ በትንሿ ቢሮ ውስጥ ብቻ እንዲሆን አስወሰንን። በየመኪናው አጠገብም ቀይ ጨርቅ ሰቀልን፤ ችግር ያየ ሰው ጨርቁን መኪናው ላይ ያደርጋል፣ መናገር አይጠበቅበትም፣ ማን እንዳደረገውም አይጠየቅም።

በቀን ፈረቃ ጨርቁ ሠርቷል። በማታው ፈረቃ ግን አልሠራም። የማታው መሪ የአገራችን ሰው ነው፤ ጨርቅ መኪና ላይ በተደረገ ቁጥር በእሱ ላይ ክስ የቀረበ ያህል ይቆጥረዋል፣ ሠራተኞቹም ይህን ስለሚያውቁ እጃቸውን አያነሡም። የሥልጠናውን ሁለተኛ ክፍል ለቻይናውያኑ ሳይሆን ለእኛው የመስመር መሪዎች ለመስጠት አሁን የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ እየጠየቅኩ ነው።