ለልጅ መጽሐፍ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን በልጅ ይሞላል። የባሕር ዳር ፀሐይ ሲከር ጥላ ይፈለጋል፤ እኛ ጋ ደግሞ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከሥሩ ሰሌን አነጥፋለሁ፣ መጽሐፎቹን ከካርቶን አውጥቼ እደረድራለሁ። ልጆቹ ያነባሉ፣ ወደ ቤት የሚወስዱትንም ይመርጣሉ። ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ።

መጀመሪያ ላይ የምመርጥላቸው እኔ ነበርኩ። የማየው ዕድሜያቸውን ነው፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ምክር ካለው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ አመስግነው ይቀበሉኛል። በሳምንቱ መጽሐፉ ሳይገለጥ ይመለሳል።

አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ፊደሉን ያውቃል፤ ግን አንዱን መስመር እስኪጨርስ መነሻው ይጠፋዋል። ጓደኞቹ አጠገቡ እያሉ ባለሥዕል የሕፃናት መጽሐፍ ሰጠሁት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰሌኑ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ሦስት ሳምንት አልመጣም። ንባቡን አይቼ ክብሩን ረሳሁት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ሲመለስ ሌላ ነገር ለመንኩት። «ትንንሾቹ በዝተውብኛል፤ ታነብልኛለህ?» ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ሄደና ሳምንቱን ሙሉ ለእህቱ እያነበበ ተለማመደ። ቅዳሜ ትንንሾቹ ከበቡት። ገና ሁለት ገጽ ሳይሄድ አስቆሙት። ሥዕሉ ውስጥ ካለው ታንኳ ላይ፣ ከደንገሉ መሀል የተደበቀች ወፍ አይተዋል፤ ጽሑፉ ስለ ወፏ ምንም አይልም። እሱም ከራሱ ጨምሮ ታሪኳን አወራላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባለሥዕል መጽሐፍ ስመርጥ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ «ምን ታያለህ?» እላለሁ። ልጁ ብዙ ካወራ መጽሐፉ የእሱ ነው። ዘጌ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ታሪኩን ከሥዕሉ ላይ ይከተላል።

ግጥም ደግሞ በዝምታ እንዲያነቡ አልሰጥም። ጮክ ብዬ አነብና ቤት መምቻው ቃል ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እነሱ ይጮኹታል። ሁሉንም ካገኙት ግጥሙ ቀሏቸዋል ማለት ነው። ሲስቱና «እንዴ!» ሲሉ ነው ደስ የሚለኝ። ያንን ግጥም ደግመው ያስነብቡኛል።

ልብ ወለድ ላይ ያስተማረችኝ ከዘጌ መጥታ አክስቷ ጋ እየኖረች የምትማር ልጅ ናት። «ረጅም ነው» እያለች አንድም አታነሳም ነበር። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው መሆኑን ነገርኳት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ውስጥ ታተመ፤ «ልብ ወለድ» የሚለው መጠሪያም ከዚያው መጽሐፍ ርእስ የመጣ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ እንደምትወጣም አጫወትኳት። ዓይኗ በራ። እኔም ቸኩዬ መጽሐፉን ሰጠኋት። አማርኛው ግን የዛሬ መቶ ዓመት አማርኛ ነው፤ ከበዳትና መለሰችው።

ያን ቀን «የት ላይ ተውሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። በፊት የምጠይቀው «ምን ትወጃለሽ?» ብዬ ነበር፤ ልጆች ለዚህ ጥያቄ የሚመልሱት ትልቅ ሰው መስማት የሚፈልገውን ነው። የተዉትን መጽሐፍ ስትጠይቋቸው ግን እውነቱን ይነግሯችኋል። አንዱ ስም በዝቶበት ተወው። ሌላዋ ውሻው ሊሞት እንደሆነ ገብቷት ዘጋችው። የዘጌዋ ልጅ ደግሞ «ልጅቷን ወደድኳት፣ አወራሩ ግን እንደ እኛ አይደለም» አለችኝ። መልሳቸውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ቀጣዩን መጽሐፍ የምፈልገውም ከዚያ ተነስቼ ነው። ለእሷ በዛሬ አማርኛ የተጻፈ፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ ታሪክ አገኘሁላት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አብረን አነበብን፤ ነገሩ ሲጦዝ አቆምኩና መጽሐፉን እጇ ላይ ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ገጹን አጥፋ ይዛው መጣች። ተወችው ብዬ ደነገጥኩ።

«የት ላይ ተውሽው?»

«አልተውኩትም እትዬ። ልጅቷ እናቷን ስትዋሽ አናደደችኝና ዘጋሁት። ማታ እቀጥላለሁ።»