ከትምህርት ቤታችን ቦይ እስከ አዋሽ

በልጅነቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አርፍዶ የመጣ ተማሪ ግቢ ይጠርግ ስለነበር፣ መጥረጊያ ይዞ መታየት ለእኔ ከሥራ ይልቅ ውርደት ሆኖ ኖሯል። መምህር ከሆንኩ በኋላም ለታናናሾቹ ክፍሎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሰጥ ሲባል ደስ አይለኝም ነበር። በአገራችን ትምህርትና አገልግሎት ሲጣመሩ የምናውቀው በትልልቆቹ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጭምር ወደ ገጠር ወሰደ። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ምን ይዞ ይዘምታል?

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ፣ ከአጥራችን ሥር ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ልናጸዳ ወጣን። ሁሉም ጓንት አድርገዋል፤ ስለት ያለበትን ቦታ የጥበቃ ሠራተኛችን ቀድመው አይተውልናል (ወላጆችን ለማስፈቀድ የፈጀብኝ ጊዜ ከጽዳቱ ይበልጣል)። ልጆቹ ያወጡትን ሁሉ ከመጣሉ በፊት በዓይነት ለይተው እንዲቆጥሩ አደረግሁ።

በማግስቱ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ቁጥሩ በባር ግራፍ ሲሰፍር የፌስታሉ ዓምድ ከሰሌዳው አናት ደረሰ፤ ሃይላንድ ግን የተገኘው ሁለት ብቻ ነበር። የሰፈሩ ሰው ውሃ አይጠጣም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሃይላንዱን እኮ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ፌስታል ማን ይገዛል?» አለችኝ። እኔ ተዘጋጅቼ የገባሁት ስለ መበስበስ ላስተምር ነበር።

ጽዳቱ የወሰደው አንድ ሰዓት ነው፤ ከእርሱ ያወጣነው ትምህርት ግን ሁለት ሳምንት አስኬደን። ያ የክፍል ጊዜ ባይኖር ኖሮ፣ በደግነት ስም ልጆችን ቆሻሻ ከማስለቀም ያለፈ ነገር እንዳልሠራሁ ይሰማኛል። ቦዩ በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ። ልጆቹ አዘኑ፤ ነገር ግን እንደገና እንቁጠር ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ በዚያም የምናወዳድረው ሁለተኛ ግራፍ አገኘን።

በኅብረተሰብ ትምህርት ካርታ ዘርግተን የቦዩን ውሃ ስንከተል ከግንፍሌ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ወረድን። አንድ ልጅ ፌስታሉ ባሕር ይገባ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር በጣቴ ሳሳየው ጥቂት ዝም አለና፣ «ታዲያ እዚሁ እኛው ጋ ነዋ የሚቀረው» አለ።